ሠላሳ አንደኛው ጥያቄ

ግቢያችን ከበሩ እስከ ጓሮው አጥር ሃያ ስድስት እርምጃ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስንቴ እንደለካሁት አላውቅም። ባለቤቴ በረንዳው ላይ ጋዜጣውን ዘርግቶ፣ "አንቺ ሴት፣ ዕድሜ ልክሽን ዞረሽ አልበቃሽም? ኧረ ቁጭ በይ፤ ዓይኔን አዞርሽው" ይለኛል። ቁጭ እላለሁ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላኝ ደግሞ እነሣለሁ። እግሬ በልጅነቱ ቁጭ ማለት አልተማረም፤ አሁን ደግሞ አርጅቷልና አዲስ ትምህርት አይገባውም።

ሥራዬ ምን እንደነበር ለጎረቤት ማስረዳት ሁልጊዜ ይቸግረኝ ነበር። ተመራማሪ ነበርኩ። ሰው ለምን ከአገሩ እንደሚወጣ፣ በሄደበት ከማን ጋር እንደሚጣላና እንደሚታረቅ፣ ከየትኛው ቦታስ ተነሣ ቢሉት እንደማይነሣ እየዞርኩ እጠይቅና እጽፍ ነበር። ጎረቤቶቼ ይህን ሲሰሙ፣ "ታዲያ ለዚህ ደመወዝ ይከፈላል?" ይሉኛል። ይከፈል ነበር፤ የሚያኮራ ባይሆንም። የሚያስቀው፣ ስለ ቦታ ፍቅር ስጽፍ የኖርኩት እኔ ራሴ ቦታ አልነበረኝም። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ስለነበር ሞጆ ተወልጄ፣ አዋሽ ፊደል ቆጥሬ፣ ድሬዳዋ አድጌ ነው አዳማ የገባሁት። ያኔ ናዝሬት ነበር የምንላት። "አገርሽ ወዴት ነው?" ሲሉኝ፣ "ሐዲዱ ላይ" እያልኩ እቀልድ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ከቢሮ ያመጣሁትን ካርቶን ስፈትሽ አንድ ያረጀ ቅጽ አገኘሁ። አርባ ጥያቄ ያለበት ነው። ሠላሳ አንደኛው ጥያቄ ፊት ለፊት በራሴ የእጅ ጽሑፍ "አገሬ፣ ከምባታ" ይላል። ከዚያ ወዲህ ነው እግሬ ጭራሽ የባሰበት። ስለዚህ ግቢውን ከምቆጥር ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ናዝሬት ስቀጠር ቢሯችን ከባቡር ጣቢያው ብዙም የማትርቅ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ የሆነ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበረች። ነፋሱ ሲነሣ አቧራው በመስኮት ይገባና ያልተጻፈበትን ወረቀት ሁሉ ቡናማ ያደርገዋል። አለቃዬ ጋሽ ገመዳ ነበሩ። ውጭ አገር ተምረው ዶክተር የተባሉ የአርሲ ሰው ናቸው፤ "ዶክተር" ብሎ የሚጠራቸውን ግን፣ "ምንህን አሞህ ነው?" እያሉ ያሾፉበት ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነገራቸው ሁሉ ዝግ ያለ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ እሳት ነበርኩ። የመጀመሪያው ወር ላይ፣ "አንቺና እኔ በአንድ ቀንበር የተጠመድን በሬና ፈረስ ነን" አሉኝ። ማን በሬው እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

ጋሽ ገመዳ አንድ መንደር ስንገባ መጀመሪያ ወደ ሊቀመንበሩ ቢሮ አይሄዱም ነበር። መቃብር የት እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ ወደዚያ ይሄዳሉ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው በመቃብሮቹ መካከል ቀስ ብለው ይመላለሳሉ። "ቢሮው የሚነግርሽ ስንት ሰው እንዳለ ነው፤ መቃብሩ ግን ማን እንደቆየ ይነግርሻል" ይሉኝ ነበር። ሰው ሲያወራቸው ደብተር አያወጡም። ሰምተው፣ ተሰናብተው፣ ከመንደሩ ወጥተው የመጀመሪያው ዛፍ ሥር ሲቀመጡ ነው የሚጽፉት። የሚጽፉትም በእርሳስ ብቻ ነው፤ እስክሪብቶ በቆላው ሙቀት ቀለሙን ይተፋል። እርሳሷን በምላጭ ሲቀርጹ ለሙሽራ የሚያዘጋጇት ይመስል ጊዜ ይወስዱባት ነበር፤ እኔ ከጎናቸው ቆሜ መሬቱን በጫማዬ እቆረቁራለሁ።

ካርታ የሚሠሩት ደግሞ በእርምጃ ነበር። ቀኝ ኪሳቸው ውስጥ ሃያ ጠጠር አለ። መቶ እርምጃ በሄዱ ቁጥር አንዷን ጠጠር ወደ ግራ ኪስ ያዛውራሉ። በመንገድ ላይ የሚያውቃቸው ሰው ካገኛቸው ሰላምታውን አያሳጥሩም። "አከም ጂርታ" ብለው ጀምረው ከብቱን፣ ልጁን፣ ዝናቡን፣ አማቱን ሁሉ ጠይቀው ነው የሚለያዩት። ከዚያ ቆጠራቸውን ካቆሙበት ይቀጥላሉ። እኔ አንድ "ደህና ዋልሽ" ሲሉኝ ቁጥሩ ይጠፋኝና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። "እግርሽን አቁሚ እንጂ" አሉኝ አንድ ቀን። "ቁጥሩ መሬቱ ላይ ነው ያለው። አንቺ እስካልተንቀሳቀስሽ የትም አይሄድም።"

በምሥራቁ ጦርነት የተፈናቀሉ ሰዎች በባቡር ናዝሬት በገቡበት ሰሞን ከጣቢያው ባሻገር በጆንያ የተሠሩ መጠለያዎች ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ የእንጨት በር ነበረው። ባለቤቱ ሽማግሌ የቤታቸውን በር ነቅለው፣ በባቡር ጭነው፣ በጆንያ ግድግዳ ላይ ገጥመውታል። እኔ የጆንያውን ጫፍ ገለጥ አድርጌ ልገባ ስል ጋሽ ገመዳ ክንዴን ያዙኝ። "አንኳኪ" አሉኝ። አንኳኳሁ። ሽማግሌው ከውስጥ፣ "ማን ልበል?" ብለው በሩን ከፈቱልን። ያን ቀን ሌሎቹ መጠለያዎች ውስጥ በሳምንት ያላገኘሁትን ነገር በአንድ ሰዓት ነገሩኝ። ሥራዬን የተማርኩት ትምህርት ቤት ሳይሆን እዚያ በር ላይ ነው።

ተምሬ ነበር፤ ችግሩ መርሳቴ ነው።

ከጥቂት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ለአጭር ሥልጠና ተላክሁና ቅጽ ማዘጋጀት፣ መልስ መቁጠር፣ ከቁጥሩ ድምዳሜ ማውጣት ተምሬ ተመለስኩ። እንደኔ ላለ እሳት ሰው ይህ ትልቅ ግኝት ነበር። ጋሽ ገመዳ በአንድ ወር የሚጨርሱትን መንደር እኔ በአምስት ቀን እጨርሰዋለሁ። ደስ አለኝ፤ ጉራም ቢጤ ጀመረኝ። በዚያው ጊዜ የምንሠራበት የዕቅድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆነው የመጡት ጓድ ተፈራ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ሰው ነበር የሚፈልጉት። ጓድ ተፈራ ክፉ ሰው አልነበሩም። ቸኳይ ነበሩ፤ እሳቸውንም ከላይ የሚያስቸኩሏቸው ነበሩ።

ከናዝሬት የግማሽ ቀን መንገድ የሚሆን፣ አዋሽን ተከትሎ የተዘረጋ አንድ የመንግሥት እርሻ ነበር። ስሙን አልጠራም። ጥጥ ያመርት ነበር፤ ብርቱካን ሊጨምር አስቦ መሬት ጠበበው። መሬቱ ላይ ደግሞ ሰባተኛ ካምፕ የሚባል የሠራተኞች ሰፈር አለ፤ ከከምባታ፣ ከወላይታና ከሐድያ ለጥጥ ለቀማ መጥተው በዚያው ቤተሰብ ያፈሩ ሰዎች የሚኖሩበት። ዘመኑ ሕዝቡ ሁሉ በመስመር በተሠራ አዲስ መንደር የሚሰበሰብበት ነበርና ለነሱም ቦታ ተመረጠላቸው። ጓድ ተፈራ ጠርተው፣ "እነዚህ ሰዎች ያለ ችግር ሊነሡ ይችላሉ ወይስ አይችሉም? በአሥር ቀን አምጪልኝ" አሉኝ።

ጋሽ ገመዳ በዚያው ሳምንት ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሰፈራ ጣቢያዎቹ ተልከው ነበር። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘኋቸው። በመስኮቱ ብቅ ብለው፣ "መቃብሩን ሳታዪ ቅጽ እንዳታወጪ" አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

ካምፑ የደረስኩ ቀን ሙቀቱ ድስት ያፈላል። የካምፑ ኮሚቴ ጸሐፊ መቃብሩ ከግራሮቹ ኋላ እንደሆነና የመስኖ ውኃ መንገዱን እንዳጨቀየው ነገረኝ። ነገ አየዋለሁ ብዬ ቅጼን አወጣሁ። በማግስቱም እንደዚያው አልኩ። ሥራው ሲፈጥንልኝ ጊዜ መቃብሩን ጭራሽ ረሳሁት። ቤት ለቤት እየዞርኩ አርባውን ጥያቄ እጠይቃለሁ። ሠላሳ አንደኛው፣ "ሲሞቱ የት መቀበር ይፈልጋሉ?" የሚል ነበር። ይህን ጥያቄ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ኮርቼበትም ነበር። የሰው ልብ የት እንዳለ በአንድ ጥያቄ የሚያሳይ መስሎኝ ነበር። የጠየቅኋቸው ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት መልስ ሰጡኝ። አገሬ።

በመጨረሻው ቀን የደረስኩት እትዬ ዳመነች ቤት ነበር። ጥጥ ለቃሚ ናት፤ በዕድሜ ከእኔ ዐሥር ዓመት ትበልጣለች፤ ባሏ አቶ ማቴዎስ የውኃ ፓምፕ ጠባቂ ነው። ደጃፏ ላይ በርጩማ አውጥታልኝ እሷ ደፉ ላይ ተቀመጠች። ሠላሳ አንደኛው ላይ ስንደርስ ሳቀች።

"ይኼ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው? አገሬ ነዋ። ከምባታ። አባቱን የሚክድ ማን አለ?"

ጻፍኩ። አርባውን ስንጨርስ ቀሚሷን አራግፋ ተነሣች። "በይ ነይ፣ ከዚህ ከግራሮቹ ጀርባ አንድ ነገር ላሳይሽ። ቅርብ ነው።"

ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። "ሌላ ጊዜ ታሳዪኛለሽ፣ እትዬ ዳመነች" አልኳት፤ "መኪናው እየጠበቀኝ ነው።"

"እንግዲያው ሌላ ጊዜ" አለችና በርጩማውን ይዛ ገባች።

ሪፖርቱን በሦስት ቀን ጨረስኩ። ውስጡ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረች። "ነዋሪዎቹ ልባቸው በትውልድ ስፍራቸው ስለሆነ አሁን ከሚኖሩበት ቦታ ጋር ያላቸው ቁርኝት ልል ነው።" ጓድ ተፈራ በቀይ እርሳስ ከበቧት። ሶደሬ ላይ በተደረገ ሰሚናር ቆሜ እንዳነባት አደረጉኝ። ተጨበጨበልኝ፤ ከሰሚናሩ በኋላ ፍል ውኃው ውስጥ ዋኘሁ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ዋኝቻለሁ።

ከዚያ ለሌላ ጥናት ወደ ሻሸመኔ ተላክሁና እዚያው አቅራቢያ ኩየራ ላይ ቤት ተከራይቼ ወራት ቆየሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሰባተኛ ካምፕ ስለ መነሣቱ፣ ከሪፖርቴም የቱ ቃል ለዚያ እንደተጠቀሰ የሰማሁት ከሁሉ መጨረሻ ነው። የነገሩኝ ጋሽ ገመዳ ናቸው። ከምዕራብ ወባ አክስቷቸው፣ ኮታቸው እንደ ተሰቀለ ልብስ ላያቸው ላይ ተንጠልጥሎ መጡ። እንሂድና እንይ አሉኝ። ሄድን።

አዲሱ መንደር ቤቶቹ በገመድ የተሠመሩ፣ ዛፍ የሌለበት ሜዳ ላይ ነበር። ጋሽ ገመዳ እንደ ልማዳቸው ሊቀመንበሩን ሰላም ብለው፣ "መቃብራችሁ ወዴት ነው?" አሉት።

"ገና የለንም፣ ጓድ።"

"እዚህ ከገባችሁ ስንት ጊዜያችሁ ነው?"

"ስምንት ወር።"

"በስምንት ወር ሰው አልሞተም?"

ሊቀመንበሩ መሬት መሬት አየ። "ሞቷል" አለ። ኋላ ስንሰማ፣ አንዳንዶቹ ሬሳቸውን በጭነት መኪና ለምነው ድፍን ቀን ተጉዘው አገር ቤት አድርሰዋል። አንድ ሽማግሌ ደግሞ በገዛ ቤታቸው ጓሮ ተቀብረዋል። ወደ አሮጌው መቃብር ለመሄድ የሞከሩትን የእርሻው ዘቦች መልሰዋቸዋል። እዚያ ለመሄድም ምክንያት አልነበረም፤ በትራክተር ታርሶ ብርቱካን ተተክሎበታል።

እትዬ ዳመነች ከሰዎቹ መሐል ወጥታ ፊቴ ቆመች። ከስታለች። "ያቺ መኪና የሚጠብቃት ልጅ አንቺ አይደለሽም?"

"ነኝ" አልኳት።

"ያን ዕለት ላሳይሽ የነበረው ልጆቼን ነው። ጴጥሮስን ኩፍኝ ነው የወሰደብኝ። ታደለችን ደግሞ በዓመቱ ተቅማጥ። ከግራሮቹ ጀርባ ነበሩ። ትራክተሩ የመጣ ቀን ማን ማን ተኝቷል ብሎ የጠየቀ የለም።"

"ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?" አልኩ። በሕይወቴ ከጠየቅኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ የመጨረሻው ከንቱ ይህ ነው።

"ላሳይሽ ነበራ" አለች።

ጥፋቴ በዚህ አላበቃም። ያን የመቃብር ቦታ ከብዙ ዓመት በፊት የሰጡት ኦቦ ቦሩ የሚባሉ አርብቶ አደር ሽማግሌ ነበሩ። የመጀመሪያው ጥጥ ለቃሚ ሲሞት ሰዎቹ ሬሳ ይዘው ግራ ቢገባቸው፣ "እንግዳ ሲሞት መሬት አይነፈግም" ብለው በበትራቸው ከልለው ሰጧቸው። ከዚያ ወዲህ በድርቅ ጊዜ ከብቶቻቸው ወደ እርሻው የመስኖ ቦይ ሲወርዱ የካምፑ ሰው ዝም ብሎ ያሳልፋቸው ነበር። ከሙታኑ ጋር የጎረቤትነቱ ውልም ታረሰ። በዚያው በጋ በእርሻው ሠራተኞችና በከብት ጠባቂዎቹ መካከል ቦዩ ላይ ድንጋይ መወራወር ተጀመረ፤ ወደ ጥይት ከፍ ብሎ አንድ ወጣት እግሩን ተመታ። እኔ የምርምር መስኬን ሰው ሲጠይቀኝ ግጭትም እንደምመረምር እናገር ነበር። ያን ግጭት ግን አልመረመርኩትም፤ እጄ አለበት።

ጋሽ ገመዳ ከመንደሩ ወጥተው ዛፍ ቢፈልጉ ዛፍ የለም። የመኪናው ጥላ ሥር ተቀመጡ። አጠገባቸው ተቀምጬ አለቀስኩ። አላባበሉኝም፤ አልተቆጡኝምም። ምላጫቸውን አውጥተው እርሳሳቸውን ይቀርጹ ጀመር።

"ቅጹ አልዋሸም" አሉ እየቀረጹ። "የጠየቅሻቸውን መለሱልሽ። ሰው የት መቀበር ትፈልጋለህ ሲሉት ለአባቶቹ የሚገባውን መልስ ይመልሳል፤ ሌላ ቢመልስ ያፍራል። እዚህ ማንን ቀበራችሁ ብለሽ ብትጠይቂ ኖሮ ኑሯቸውን ይነግሩሽ ነበር።"

"የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፣ ጋሼ።"

"አይታፈስም። የፈሰሰበትን ቦታ ግን ማወቅ ይቻላል።" የተቀረጸችውን እርሳስ ሰጡኝ። "ተነሺ።"

ስለ መስኖ እናጠናለን ብለን የእርሻውን በር አለፍን። እትዬ ዳመነች ከጥጥ ወደ ችግኝ አጠጪዎቹ ቡድን ተዛውራ ነበርና በሥራ ሰዓት እዚያው አገኘናት። ከሁሉ አስቀድሞ ጋሽ ገመዳ ውኃውን በሚከፍቱትና በሚዘጉት ሁለት የቦይ በሮች፣ በብረቱና በእንጨቱ መካከል፣ ደጋግመው አስኬዱኝ። በሮቹ መካከል ያለው ርቀት በእርሻው ፕላን ላይ ይታወቃልና እርምጃዬ ምን ያህል እንደሆነ በዚያ ፈተንኩ። "እርምጃ እንደ ሚዛን ነው፤ ሳትፈትኚው አትመዝኚበት" ይሉ ነበር። ከዚያ ጠጠሮቹን ሰጡኝ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ጠጠሮቹን የያዝኩት።

ችግኞቹ ገና ከጉልበት በታች ነበሩ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት። እትዬ ዳመነች በመካከላቸው ቀጥ ብላ ሄዳ ቆመች።

"ጴጥሮስ እዚህ። ታደለች ደግሞ እግሩ ሥር፣ እዚህ።"

"እንዴት ለየሽው?" አልኳት።

"ይህን ረድፍ እኔ ላጠጣ ብዬ ፎርማኑን ለምኜው ነው። በየቀኑ የማጠጣው እንዴት ይጠፋኛል?"

ከብረቱ የቦይ በር ስድስት ጠጠርና አርባ እርምጃ ወደ ፀሐይ መውጫ። ፎርማኖቹ ለጥላ ብለው ካስቀሩት ትልቅ ግራር ስልሳ ሦስት እርምጃ ወደ ቦዩ። ጋሽ ገመዳ ሁልጊዜ ከሁለት ነገር ነው የሚለኩት፤ አንዱ ቢጠፋ አንዱ እንዲቀር። ሌሎቹንም እሷ ስማቸውን እየጠራች፣ እኔ እየቆጠርኩ እስከ ቀትር መዘገብን። ስንጨርስ እንድትቀመጥ ብለምናትም አልተቀመጠችም። እኔም ያን ጥያቄ ሳልደግም መሄድ አልቻልኩም።

"አሁን ብጠይቅሽስ፣ እትዬ ዳመነች? የት መቀበር ትፈልጊያለሽ?"

ወደ ችግኞቹ አየች። "አባቶቼ እኮ ብዙ ናቸው፤ እርስ በርሳቸው ይጠባበቃሉ። እነዚህ ሕፃናት ናቸው። ለማን ትቻቸው እሄዳለሁ?" ከዚያ እጄን ያዘችኝ። "እኔ በሕይወት እስካለሁ ቦታው አይጠፋም። ስሞት የምታውቂው አንቺ ነሽ። ያኔ ደግሞ መኪና እንዳትይኝ።"

ሪፖርቴ ስሕተት እንደነበር ገልጬ ሁለተኛ ሪፖርት ጻፍኩ። ጓድ ተፈራ ሁለት ገጽ አንብበው መለሱልኝ። "ፋይሉ ተዘግቷል፣ ጓዲት። አንቺም ዝጊው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም" አሉኝ። ፊታቸውን ሳየው ማስፈራራት ብቻ አልነበረበትም፤ ፍርሃትም ነበረበት። በወሩ ወደ ዝዋይ ተዛወርኩ። ከዚያ አርሲ ነገሌ፣ ከዚያ ደግሞ ሻሸመኔ፣ ኋላም መልሶ ናዝሬት። በየሄድኩበት አልጋዬን ሳልዘረጋ መቃብሩን አያለሁ። ያን ቀን የመዘገብነውን የብርቱካኑን ካርታ በትከሻ ቦርሳዬ ገበር ውስጥ ሰፍቼ ነበር የምይዘው። በየፍተሻው ጣቢያ ወታደሩ ቦርሳዬን ሲዳብስ ከላይ ያለውን ልብስ ራሴ እያወጣሁ አሳየው ነበር። እንቅልፌ ተረበሸ፤ አንድ ቦታ ከተቀመጥኩ የሆነ ሰው የሚፈልገኝ ይመስለኛል። ባለቤቴን ያገባሁት በዚያ ጊዜ ነው፤ ምስኪኑ፣ እግረ ቀላል ሴት መሆኔን ያወቀው በሠርጉ ሳምንት ነው። ጋሽ ገመዳ ጡረታ ሲወጡ ሃያዎቹን ጠጠሮች በትንባሆ ቆርቆሮ አድርገው ላኩልኝ። ከውስጡ ወረቀት ቢጤ ፈልጌ ነበር፤ ምንም አልነበረም።

በደርግ መጨረሻ ሰሞን ነው። ከሰሜን የሚመለሱ ወታደሮች በናዝሬት ጎዳና በእግራቸው ይጎርፉ ነበር፤ መሥሪያ ቤቶች ተከፍተው ይውላሉ እንጂ ሥራ የሚሠራ የለም። አንድ ቀን ጠዋት ደጄ ተንኳኳ። አቶ ማቴዎስ ነበር፤ በጋሪና በእግር ሲጓዝ ያደረ ሰው አቧራ ለብሷል።

"ዳመነች አረፈች" አለኝ። "ሬሳው ቤት ነው። 'ያቺ መኪና የነበራት ልጅ ታውቃለች' ብላ ነው የሞተችው። መጥተሽ ቁጠሪልን።"

የቢሯችንን መኪኖች ማን እንደወሰዳቸው አይታወቅም ነበር። ቦርሳዬንና ቆርቆሮዋን ይዤ ወጣሁ። እስከ መገንጠያው ሽንኩርት የጫነ መኪና ላይ ተሳፈርን፤ የቀረውን በእግራችን ሄድን። መንደሩ ስንደርስ ቀኑ አጋምሷል፤ ሰዎቹ ሬሳውን በቃሬዛ ተሸክመው እየዘመሩ ተከተሉን። እርሻው በር ላይ ዘብ አልነበረም።

ብርቱካኖቹ ከራሴ በላይ ሆነዋል። ከፊሉን በሽታ ገብቶበት ነቅለው፣ ረድፉን አዛብተው እንደገና ተክለውታል። ግራሩን በዓይኔ ፈለግሁት። የለም፤ ተቆርጧል። ከለካንባቸው ሁለት ነገሮች የቀረው የብረቱ የቦይ በር ብቻ ነው፤ ከአንድ ነገር ብቻ ተለክቶ ደግሞ ትክክለኛው ቦታ አይገኝም። ሕዝቡ ሬሳውን ተሸክሞ ከኋላዬ ቆሟል። ዝማሬውን አቁመው እኔን ይመለከታሉ።

በመጀመሪያ እንደ ድሮው በሁለቱ የቦይ በሮች መካከል ሄጄ እርምጃዬን ፈተንኩ። ከዚያ ሃያውን ጠጠር ቀኝ ኪሴ ከተትኩና ከብረቱ በር ጀመርኩ። ሦስት ጠጠር አዛውሬ ኀምሳ ሁለተኛው እርምጃ ላይ ሳለሁ፣ ከዛፎቹ መካከል አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ብቅ አሉ። ኦቦ ቦሩ ናቸው፤ ለቅሶውን ሰምተው መምጣታቸው ነው።

"አከም ጂርታ፣ ልጄ" አሉኝ።

እግሬን አቆምኩ። ቁጥሩ መሬቱ ላይ ነው፤ የትም አይሄድም። ደህንነታቸውን ጠየቅኋቸው፤ ከብቱን ጠየቅሁ፤ ልጆቹን፣ ዝናቡን ጠየቅሁ። እሳቸውም አንድ በአንድ መለሱልኝ፤ እኔንም ጠየቁኝ። ከኋላችን ያለው ሰው ሁሉ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ፣ "ምን ጠፋሽ?" አሉኝ።

"ትልቁ ግራር፣ አባባ።"

በበትራቸው በሣሩ ውስጥ አመለከቱኝ። ከሰል የመሰለ የተቃጠለ ጉቶ ነበር። ኀምሳ ሦስት ብዬ ቀጠልኩ። ስድስት ጠጠርና አርባ ላይ ስደርስ አቶ ማቴዎስን እዚያው አቁሜ ወደ ጉቶው ሄድኩ፤ ከጉቶው ደግሞ ስልሳ ሦስት ወደ ቦዩ ቆጠርኩ። ስልሳ ሦስተኛው እርምጃ ላይ አቶ ማቴዎስ ፊት ለፊት ቆሜ ነበር። በሁለት ብርቱካኖች መካከል ነን።

መቆፈር ጀመሩ። ክንድ ያህል እንደወረዱ የአንዱ አካፋ ድንጋይ ነካ። አቶ ማቴዎስ አስቆማቸውና በጉልበቱ ተንበርክኮ አፈሩን በእጁ ጠረገ። ጠፍጣፋ፣ ከአዋሽ ዳር የመጣ ለስላሳ ድንጋይ ነበር።

"እኔ ነኝ ያኖርኩት" አለ። "ጴጥሮስ ነው።"

አፈሩን መለሱለት። ጉድጓዱን አንድ እርምጃ ወደ ጎን አድርገው ቆፈሩ፤ እትዬ ዳመነችን በልጆቿ አጠገብ አሳረፏት። ዘመሩ። ኦቦ ቦሩም በትራቸውን መሬት ላይ አስተኝተው በቋንቋቸው መረቁ። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ሰዉ በሁለትና በሦስት እየሆነ ወደ መንደሩ ተመለሰ።

እኔ ብርቱካኑ ሥር ቁጭ አልኩ። ማንም ተነሺ አላለኝም። የሚጠብቀኝ መኪና አልነበረም።